ካርዱ ከኦቾሎ ወደ ላንቴ ሲወርድ

አቢጋኤል ማዳልቾ ሰርቨር ክፍል ስትገባ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች። ልማዱ የባሏ የገነነ ነበር። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ የሚወርደው መንገድ በበጋ አቧራ ነው፤ ገነነ «አቧራ ለማሽን መጋኛው ነው» እያለ ሐኪሙንም ዘበኛውንም ጫማ ያስወልቅ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላም ማንም ጫማ አድርጎ አይገባም። ክፍሉ ጠባብ ነው። በአንድ ወገን የብረት መደርደሪያ፣ በሌላው ወገን አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር፣ ከዚያ አንዲት መስኮት። በመስኮቱ የሆስፒታሉ ሙዝ ይታያል፤ ከሙዙ ጀርባ የጄኔሬተሩ ቤት አለ።

የተወለደችው ኦቾሎ ነው። አባቷ ሸማኔ ነበር። እሷ ፊደል ሳትቆጥር ቤተሰቡ ከደጋው ወርዶ ሴቻ ገባ፤ አባትየው በኪራይ ቤት ጓሮ ጉድጓዱን ቆፍሮ የሽመና ዕቃውን ተከለ። ጸጥ ያለች ልጅ ነበረች ይላሉ የሚያውቋት። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሃል እንኳ ድምፅዋ ከሌሎቹ ድምፅ ስር ገብቶ የሚሄድ ዓይነት ነበር። ኮምፒውተር ተማረች፤ ተመርቃ ጥቂት ጊዜ ቤት ተቀመጠች፤ ከዚያ በዚህ ሆስፒታል ተቀጠረች። ገነነ ቀድሟት እዚያ ነበር። የነበራቸው አንድ ወንበር ስለሆነ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቆማል። ሲጋቡ ሰው «መቆሙ ሰለቻቸው» ብሎ ቀለደ። ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ጉዳይ ሁለቱም ለሰው አያወሩም ነበር፤ ሰውም እያደር መጠየቁን ተወ።

ገነነ ሥራቸውን ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ ግቢና ተከራይ እያለ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለው ብረት ግቢ ነው። በውስጡ የሚሠሩት ማሽኖች ተከራዮች ናቸው፤ ላቦራቶሪው አንዱ፣ ፋርማሲው አንዱ፣ ካርድ ክፍሉ አንዱ። በእጅ አይጨበጡም፤ ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ፤ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቤት እንዳለው ሆኖ ይኖራል። ግቢው ሲያረጅ ተከራዩ ወደ ሌላ ግቢ ይዛወራል። የሚያዛውረው ሰው ጎበዝ ከሆነ ተከራዩ ወጡን ከምድጃ ሳያወርድ፣ እሳቱም ሳይጠፋ ይዛወራል።

አሮጌውን ግቢ ኦቾሎ ብሎ ሰየመው፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ስለተቀመጠ። ከተከራዮቹ ትልቁ ካርድ ይባላል። ሆስፒታሉን የረገጠ ሰው ሁሉ ስሙ፣ በሽታው፣ የወሰደው መድኃኒት በካርዱ ውስጥ ነው።

ካርዱ የተቆለፈ ነው፤ የተቆለፈበትም ምክንያት ነበረው። አንድ ዓመት ከካርድ ክፍል አንድ ኮምፒውተር ተሰረቀ። የተገኘው ገበያ ላይ ነው፤ ግን ከመገኘቱ በፊት የገዛው ሰው ከፍቶ የማን ሚስት ምን እንደታመመች አንብቦ፣ አንብቦም አውርቶ ነበር። አንዲት ሴት በዚያ ወሬ ከትዳሯ ወጣች። ገነነ ሴትዮዋን በመልክ ያውቃት ነበር። ከዚያ በኋላ ካርዱን እንደገና ሠራው። ዲስኩን በረጅም የይለፍ ቃል ቆለፈው፤ ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ሲነሳ ያንን ቃል ሳይሰማ አይከፍትም። ማሽኑ ሲሠራ የያዘውን የሚያኖርበትን ሚሞሪውንም ቆለፈው። ሌላ ማሽን ለጊዜው የማይሠራበትን ነገር ከሚሞሪ አውጥቶ ግቢው ዲስክ ላይ ያኖራል፤ ካርድ ግን በእጁ የያዘውን ሁሉ በእጁ እንደያዘ ይቆያል፤ አንዲት ስም እንኳ ወደ ውጭ አታመልጥም። ይኸን ሁሉ ሲጨርስ ሚስቱን «አሁን ሌባ ቢወስደው ብረት ነው የሚወስደው» አላት።

ቃሉን ግን ለማንም አልነገረም። ለሁለት ሰው እነግራለሁ ይል ነበር። አንድ ቅዳሜ አክስቱን ሊጠይቅ ሄዶ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ በምዕራብ ዓባያ መንገድ ላይ ተገለበጠ።

ካርዱ ግን እንደበራ ነበር። በርቶ እስካለ ድረስ ይሠራል፤ ፀሐፊዎቹ ገብተው የታማሚ ስም ይጽፋሉ፣ ያነባሉ። ወደ ማሽኑ ሆድ የሚያስገባው ግን ያው ቃል ነው፤ እሱም ከገነነ ጋር ሄዷል፤ ስለዚህ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገልብጦ ማውጣት አይቻልም። አዲስ አበባ ያሉ አዋቂዎች በስልክ ተጠየቁ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ካልጠፋ አለ፤ ከጠፋ የለም።

ያን ጊዜ ሆስፒታሉ አዲስ አኗኗር ጀመረ። የኤሌክትሪክና የጄኔሬተር ኃላፊው ሲላስ ከኦቾሎ ሶኬት በላይ በቀይ ቀለም «ይህን የነካ እጁ ይድረቅ» ብሎ ጻፈ። የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ዶክተር ናትናኤል እርግማን በሆስፒታል ግድግዳ ላይ አይጻፍም ብለው አስደመሰሱትና «አይነካም» ብቻ ቀረ። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ መጀመሪያ ለቀዶ ጥገና ክፍል፣ ቀጥሎ ለካርዱ ነው። ናፍታ ሲጠፋ የአምቡላንሱ ሾፌር ከመኪናው ታንክ ቀድቶ ይሰጣል። የካርድ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ልክነሽ ደግሞ ፀሐፊዎቿን አዘዘች፤ ታማሚ በመጣ ቁጥር የሱን ገጽ ከማሽኑ እያዩ በወረቀት ይገለብጣሉ። የመጣው ይገለበጣል። ያልመጣው ግን እዚያው ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚመጣው ሲታመም ብቻ ነው።

ልክነሽ የሲቀላ ሰው ናት፤ ጥርሷም ምላሷም ያልረገፈ ሴት። አንድ ቀን በሰው ፊት፣

«አንቺ ልጅ፣ ባልሽ በእንቅልፉ አያወራም ነበር?» አለቻት።

«ያወራ ነበር፣ እትዬ ልክነሽ።»

«ታዲያ ምን ይል ነበር?»

«ስለ እርስዎ ነበር የሚያወራው። እያላበው።»

ካርድ ክፍሉ ሳቀ። ልክነሽም ሳቀች። እንዲህ ያለው ቀልድ አቢጋኤልን አይከብዳትም። የሚከብዳት በቀስታ የሚወራው ነበር። «ቁልፉን ይዞት ገባ» ይላሉ። «ሚስቱ ታውቃለች፤ ደብቃ ነው» የሚሉም አልጠፉም። አቢጋኤል አታውቅም። ያገባችው ሰው አንድ ትራስ ላይ ተኝቶ ያንን ቃል አልነገራትም፤ ይህን ደግሞ ለራሷም ደጋግማ አትናገረውም። የምታስበው አንድ ነገር ነበር። ካርዱ አንድ ቀን ቢጠፋ የሰው ሁሉ አፍ የሚያነሳው የገነነን ስም ነው። የሰውን ካርድ ያጠፋ ተብሎ ሳይሆን የታማሚን ስም የጠበቀ ተብሎ እንዲታወስ ትፈልግ ነበር። ለዚህ ካርዱ መኖር አለበት።

በየካቲት፣ ሙቀቱ ከዓባያ ሐይቅ ተነስቶ ግድግዳው ላይ በሚለጠፍበት ወቅት፣ ኦቾሎ መታመም ጀመረ። መብራት ከሚያስገቡለት ሁለት ፓወር ሰፕላዮች አንዱ ሞተ። ቀጥሎ አንዱ ማራገቢያ እንደሚፈጭ ወፍጮ ጮኸና ዝም አለ። ልክነሽ ከቤቷ የቁም ፋን አመጣች። ሲላስ እርጥብ ጆንያ መስኮቱ ላይ ሰቀለ። ዶክተር ናትናኤል ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ቆመው አዩት።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«አላውቅም፣ ዶክተር።»

«ያዘዝነው አዲሱ ማሽን ደርሶ የለም እንዴ?»

«ደርሷል። ላቦራቶሪውንና ፋርማሲውን አዛውሬ ጨርሻለሁ። የቀረው ካርዱ ነው።»

«እሱን ለምን አላዛወርሽውም?»

«ሌሎቹን አጥፍቼ አስነስቼ ነው ያዛወርኳቸው። እሱ እንደበራ ነው መሄድ ያለበት።»

«ይሄዳል?»

«እሞክራለሁ።»

አዲሱን ማሽን በቆላው አገር ስም ላንቴ ብላዋለች፤ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ስለሆነ። ሲላስ ይኸን ሲሰማ «እንግዲህ ካርዱ እንደ አገሩ ሰው ከኦቾሎ ወርዶ ላንቴ ላይ ሙዝ ሊበላ ነው» አለ።

መጀመሪያ ስትሞክር ላንቴ እምቢ አለ። ካርዱ ገና ጉዞ ሳይጀምር፣ በሩ ላይ፣ ሚሞሪ ማግኘት አልተቻለም የሚል መልስ መጣ። ካርዱ ኦቾሎ ላይ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ቀጠለ። አቢጋኤል መልሱን ደግማ አነበበችው። ላንቴ ላይ ካርዱን የሚያህል አራት ማሽን የሚያስቀምጥ ባዶ ሚሞሪ አለ። ሲላስ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየ።

«ባዶ ቤት እያለው ቦታ የለኝም ይላል? ይኸማ አከራይ ነው።»

«ቦታማ አለው።»

«ታዲያ?»

«ቆይ እስቲ፣ ጋሽ ሲላስ።»

የመጣላት ነገር ማሽን አልነበረም። የገነነ ለቅሶ ነበር። የሰፈሩ ዕድር መጋዘን አግዳሚ ወንበር ሞልቶት ሳለ ዕቃ ጠባቂው ለቤቷ የሰጠው በደንቡ የተጻፈውን ያህል ብቻ ነበር። ከኦቾሎ የወረደው ሰው ብዙ ሆነ። የገነነ አጎት ሄዶ ቢለምነው ዕቃ ጠባቂው «ወንበሩ ሞልቷል፣ አዎ። አንድ ቤት የሚይዘው ግን ይኸን ያህል ነው። ወንበር ደግሞ ሰው ከተቀመጠበት አይነሳም። ነገ ሌላ ቤት ለቅሶ ቢገባስ?» አለው። የኦቾሎ ሰዎች የሙዝ ቅጠል ቆርጠው ተቀመጡበት። ያን ጊዜ ዕቃ ጠባቂውን ጠልታው ነበር።

የላንቴም ነገር እንዲሁ ነው። ሌላው ተከራይ የያዘውን ሚሞሪ ሲቸግር ማስነሳት ይቻላል፤ ወደ ዲስክ ይገፋል። ካርዱ ግን የያዘውን ይቆልፋል፤ ሰው እንደተቀመጠበት ወንበር ነው፤ አይነሳም። ስለዚህ ግቢው አንድ ተከራይ ይኸን ያህል ብቻ ነው መቆለፍ የሚችለው የሚል ገደብ አለው፤ አዲስ ግቢ ላይ ገደቡ በጣም ትንሽ ነው። ገነነ ኦቾሎ ላይ ገደቡን በእጁ ከፍ አድርጎት ነበር። ላንቴ ላይ ግን ያንን ያደረገ ሰው የለም።

የካርዱን ሚሞሪ ልክ አየች፤ ያንኑ ልክ የላንቴ ገደብ አድርጋ ጻፈች። ልክ በልክ። በሴቻ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ያደገ ሰው ከልክ በላይ መስጠት አይሆንለትም፤ ገነነም እንዲሁ ነበር። ለፋርማሲው የሚበቃውን፣ ለላቦራቶሪው የሚበቃውን፤ ትርፍ የለም።

በቀጥታ ግን ካርዱን አልነካችም። ውስጡ ምንም የሌለው፣ ከካርዱ ያነሰ፣ አቆላለፉ ግን እንደ ካርዱ የሆነ አንድ ማሽን ኦቾሎ ላይ ሠራች። ለእሱም ላንቴ ላይ ገደቡን በልኩ አደረገችለት። ሲላስ «ይኸ ደግሞ ማን ነው?» አላት።

«ማንም አይደለም። ቀድሞ የሚሄድ ነው።»

ባዶው ማሽን ጉዞ ጀመረ። በሩ ላይ አልተከለከለም። ሚሞሪው ገጽ በገጽ ተቀዳ፤ ኦቾሎ ላይ ቆመ፤ ላንቴ ላይ ተነሳ። ሲላስ አጨበጨበ። ማጨብጨቡን ሳይጨርስ ባዶው ማሽን ላንቴ ላይ ሞተ።

ሲላስ እጁን አወረደ።

«ምን ሆነ?»

«ገደቡን አለፈና ግቢው ገደለው።»

«ኦቾሎስ ላይ የለም?»

«የለም። ከዚያ ወጥቷል።»

ሁለቱም ላይኛውን መደርደሪያ አዩ። ካርዱ እዚያ ነበር፤ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ትላለች። በባዶው ቦታ እሱ ቢሆን ኖሮ አሁን ካርድ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ሲላስ ወጣና ጄኔሬተሩን ሲነካካ ዋለ።

አቢጋኤል ወደ ቤቷ ሄዳ ጎደሬ ቀቀለች፤ ጥቂት በላች፤ የቀረውን ሸፈነችው። ስህተቷ የገባት ዕቃ ስታጥብ ነው። በገነነ ለቅሶ ወንበሩ ያነሰው ከኦቾሎ የመጡትን ስላልቆጠሩ ብቻ አልነበረም። ወጥ የሚያወጡትን፣ ውኃ የሚያቀርቡትን፣ ዕቃ የሚያጥቡትን ሴቶች ማንም አልቆጠራቸውም፤ እነሱም ይደክማቸዋል፤ እነሱም ይቀመጣሉ። አንድ ማሽን በእንግድነት ሲገባ የሚቆለፈው የእንግዳው ሚሞሪ ብቻ አይደለም። እንግዳውን ተሸክሞ የሚያሠራው ፕሮግራም የራሱን ሚሞሪ ይይዛል፤ ያም አብሮ ይቆለፋል። እሷ ለቀስተኛውን ብቻ ነበር የቆጠረችው።

በማግስቱ ገደቡን ከልኩ በላይ አድርጋ ጻፈች። ሲላስ ጫማውን እያወለቀ፣

«እንደዚህ ከምትጨነቂ ገደቡን ጭራሽ ለምን አታነሺውም? ይያዝ፤ የፈለገውን ያህል ይያዝ» አላት።

«ላቦራቶሪውና ፋርማሲውም እዚያው ግቢ ናቸው። ካርዱ ያለ ገደብ ይያዝ ብዬ አንድ ነገር ቢበላሽ ግቢው ራሱ ትንፋሽ አጥቶ ይወድቃል። ያን ጊዜ ሁሉም ይጠፋል።»

«ስለዚህ ዕቃ ጠባቂ ሆንሽ ማለት ነው።»

ለሲላስ የዕድሩን ነገር ነግራው ነበር። «ሆንኩ» አለች።

ሌላ ባዶ ማሽን ሠራች። ሄደ፤ ደረሰ፤ አልሞተም። ውሎ አደረ፤ አልሞተም። አንድ ሌላ ላከች፤ እሱም ኖረ። ከዚህ በኋላ የሚያቆያት ምክንያት አልነበረም፤ ኦቾሎም የሚጠብቃት አይመስልም ነበር። ሙቀቱ እየጨመረ፣ የልክነሽ ፋን ሌት ተቀን እየዞረ ነው።

የካርዱን ሰዓት ምሳ ላይ አደረገችው። ማሽኑ በጣም ከሠራ፣ የተቀዳው ገጽ እንደገና ስለሚቀየር ቀዳዩ አይደርስበትም። ወደ ካርድ ክፍል ወርዳ ለልክነሽ ነገረቻት።

«እትዬ ልክነሽ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ማንም ምንም አይጻፍ።»

«ለታማሚ ምሳ ሰዓት የሚባል ነገር አለ እንዴ? እዚያ በረንዳ ላይ ከምዕራብ ዓባያ ልጁን ታቅፎ የመጣ ሰው አለ።»

«ለጥቂት ጊዜ ነው። ስልክ ደውዬ ጨርሻለሁ እስክልዎት።»

ልክነሽ ከመነጽሯ በላይ አየቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቢጠፋስ?»

«ከጠፋ ጠፋ ነው።»

«እኔ ዳዊት እደግማለሁ» አለች ልክነሽ፤ «አንቺም በእናንተ እምነት ያለውን ጸሎት አድርሺ።»

ሲላስ መብራት እያለ ጄኔሬተሩን አስነሳ፤ ካርዱን ወደዚያ አዞረና በሩ ላይ ቆመ። ዶክተር ናትናኤል አልመጡም፤ ቀዶ ጥገና ላይ ነበሩ። አቢጋኤል ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትዕዛዙን ጻፈች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተጫነችው።

ላንቴ በሩን ከፈተ። የቀረው ሚሞሪ ቁጥር እየቀነሰ ወረደ። ወረደ፤ ወረደ፤ ሊያልቅ ሲል ቆመ። ከዚያ እንደገና ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አቢጋኤል ስልኩን አነሳች።

«እትዬ ልክነሽ፣ ማን ነው እየሠራ ያለው?»

«ማንም። ልጆቹ ሁሉ ምሳ ወጥተዋል።»

«አንድ ሰው እየሠራ ነው። ያውም ከባድ ሥራ።»

«እኔ ነኝ» አለች ልክነሽ። «አልጻፍኩም። ሥራ ከሌለ ብዬ የወሩን ሪፖርት እያወጣሁ ነበር።»

«የወሩን ሪፖርት!»

«ሪፖርት መጻፍ ነው እንዴ? ማውጣት አይደል?»

«ያቁሙት፣ እባክዎ። እጅዎን ከኮምፒውተሩ ያንሱ።»

«አነሳሁ። ሁለቱንም አነሳሁ። ይኸው ልጁን የታቀፈው ሰውዬ ምስክሬ ነው፤ ስልኩን በትከሻዬ ነው የያዝኩት።»

ሲላስ በሩ ላይ ሳቁን ዋጠ። ቁጥሩ እንደገና መውረድ ጀመረ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ካርዱ ኦቾሎ ላይ ቆመ፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል በሁለቱም ግቢ አልነበረም። ከዚያ ላንቴ ላይ ተነሳ።

አቢጋኤል አልተንቀሳቀሰችም። ባዶው ማሽን የሞተው እዚህ ላይ ነበር። የተቆለፈውን ሚሞሪ መጠን አየች፤ ከካርዱ ልክ አልፏል፤ ከገደቡ በታች ነው። ትንሽ ጨመረ። ቆመ። እንደቆመ ቀረ።

«እትዬ ልክነሽ፣ አሉ?»

«እጄን እንዳነሳሁ ነኝ። ደነዘዘኝ።»

«አሁን ያውርዱት። የዚያን ልጅ ስም ይፈልጉለት።»

የቁልፍ ድምፅ በስልኩ ተሰማ፤ ልክነሽ በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው። ከዚያ፣ ከኮምፒውተሩ ራቅ ብላ ለሰውየው ስትናገር ተሰማች፦ «ባለፈው ክረምት ነው የመጣችሁት፤ ወባ ነበር፤ አይደል? ይኸው አለ።»

አቢጋኤል ስልኩን አስቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ላንቴን ስትመለከት ዋለች። በማግስቱ ኦቾሎን በእጇ አጠፋችው። ሲላስ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ማራገቢያው እየቀነሰ ሄዶ ሲቆም ክፍሉ ውስጥ የሙዙ ቅጠል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በፊት እዚያ ክፍል ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ሲላስ «ነፍስ ይማር» አለ፤ ወዲያው ምላሱን ነከሰ። እሷ ግን «ይማር» አለችው።

በሳምንቱ ዶክተር ናትናኤል ስብሰባ ጠሩ። አመሰገኗት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«እንግዲህ የሟቹን ጥፋት ለማንሳት አይደለም…» ብለው ጀመሩ።

አቢጋኤል በስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ አታውቅም። አሁን አወጣች።

«ጥፋት ነበር፣ ዶክተር» አለች። «ለሁለት ሰው መንገር ነበረበት፤ አልነገረም። ቆልፎ የሄደው ግን የታማሚ ስም ገበያ ስለወጣ ነው። እሱ ከቆለፈው ወዲህ ከዚህ ቤት የወጣ ስም የለም። ሁለቱም ይጻፍ።»

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ፀሐፊ ዶክተሩን አየች። «ሁለቱም ይጻፍ» አሉ።

ካርዱ አሁንም ቢጠፋ አይከፈትም፤ ፀሐፊዎቹም አሁንም የመጣውን ሰው ገጽ ይገለብጣሉ። ልዩነቱ ላንቴ ገና አዲስ መሆኑ ነው፤ ጊዜ አለ። ስብሰባው የወሰነው ማንኛውም ቁልፍ በሦስት ሰው እንዲታወቅ ነው። አቢጋኤል የዚያኑ ዕለት ልክነሽንና ሲላስን ወደ ሰርቨር ክፍሉ ጠራቻቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ በሩን ዘጋች። ልክነሽን ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት።

«የላንቴ ቃል ይኸ ነው» አለች። «አይጻፍም፤ በቃል ይያዝ፦ ‹ጎደሬ ቀቅያለሁ ቶሎ ና›።»

ሁለቱም ጠበቋት።

«ይኸው ነው?» አለ ሲላስ።

«ይኸው ነው።»

ልክነሽ መነጽሯን አወለቀች።

«ከሱ በፊት ነው ያወጣሽው? ማለቴ፣ ከመሞቱ?»

«በፊት ነው። ለሁሉም ማሽን የምጠቀምበት የቆየ ቃሌ ነው።»

«እሱ ያውቀው ነበር?»

አቢጋኤል መስኮቱን ከፈተች።

«አያውቀውም» አለች። «አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።»

ልክነሽ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ሲላስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቃሉን ለራሱ ይል ነበር።

«ድገሚልኝ እስቲ፣ አቢ» አለ። «ቶሎ የሚለው መጀመሪያ ነው መጨረሻ?»

ደገመችለት።